በኑግ ዘይት የተሣሉት አባት

ሥዕሉ አልደርቅም አለ። ማርያማዊት ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ ግድግዳ ተደግፎ ወደቆመው ሸራ ትሄድና ጠርዙን በትንሿ ጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ ጣቷ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄ ግን እንቁላል ሆኖ ሊቀር ነው መሰል። ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ ማንንም አታማም። አስተማሪዋ ጸደንያ የዘይት ቀለም የሚቀጥነው በተልባ ዘይት ነው ብላ ነግራት ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣችው ትንሽ ጠርሙስ ስታልቅ ግን ማርያማዊት የቢቸናን ገበያ ብትዞር፣ ተልባውን እንጂ ዘይቱን የሚሸጥ ጠፋ። ታዲያ ዘይት ዘይት ነው አለችና ከማጀቷ የኑግ ዘይት አምጥታ ቀለሙን ለወሰችበት። የምትሥለው የኑግ ማሳ፣ የምትሥልበት የኑግ ዘይት፤ ከዚህ በላይ ምን መስማማት አለ? ጸደንያ ይህን የሰማች ዕለት ሳቋ አላስቆም ብሏት በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። «እትዬ ማርያማዊት፣ ይሄ እኮ ወጥ አይደለም!» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ሁለቱ የተዋወቁት በማርያማዊት ኮፒ ቤት ነው። ጸደንያ ለተማሪዎቿ ወፍራም ወረቀት ልትገዛ መጣች፤ ማርያማዊት «ለምንሽ ነው?» አለቻት፤ በዚያው ወሬ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በርጩማቸውን ይዘው ከከተማው ወጣ ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ገበሬዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው ከጀርባቸው ይቆሙ ነበር። «ልኬታው ለምንድን ነው? መሬቱ ለማን ሊሰጥ ነው?» ይላሉ። አይፈረድባቸውም፤ ሁለት የከተማ ሴቶች ተቀምጠው ማሳ በዓይናቸው እየለኩ ወረቀት ላይ ካሰፈሩ፣ ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? አቶ ገብረ ማርያም የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጎንበስ ብለው አይተው፣ የራሳቸውን ባሕር ዛፍ አወቁት፤ «ከሣልሽው አይቀር ወደ ቤቴ ጠጋ አድርጊልኝ፤ ለጥላ ይሆነኛል» አሉና ሰዎቹን በትነው ሄዱ። ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። ማርያማዊት ያየችውን ሁሉ በጥቁር መስመር ታጥራለች፤ ዛፉን፣ ጎጆውን፣ ደመናውን ሳይቀር። «መስመሩን ተይው፤ ደመና አጥር የለውም» ትላታለች ጸደንያ። የሩቅ ተራራ ሰማያዊ ነው ስትላትም ተጨቃጭቀዋል። ጮቄን ዕድሜ ልኳን አረንጓዴ ነው ብላ የኖረች ሴት፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ብታይ፣ ወይ ጉድ! እውነትም ሰማያዊ ነው።

ጥቁሩ መስመር ግን እንዲያው አልመጣባትም፤ የአለቃ ወልደ ኪዳን ልጅ ናት። አለቃ ወልደ ኪዳን ከሞጣ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በመላእክትና በሰማዕታት የሞሉ፣ ክረምት እርሻቸውን የሚያርሱ፣ በጋ ቀለማቸውን የሚለውሱ ሰው ነበሩ። ቀለሙን የምትፈጨው ማርያማዊት ነበረች። ቢጫውን ድንጋይ እንደ ጤፍ ዱቄት እስኪልም ድረስ ታደቀዋለች፤ ቀለሙ ከመዳፏ ለሳምንት አይለቅም። ብሩሹ ግን የተሰጠው ለታናሽ ወንድሟ ለስጦታው ነው፤ ሥዕል ከሚያስተምሩት አህያ ቢያስነዱት ለሚመርጠው ልጅ። አንድ ቀን እናቷ ስለ እሷ ሲለምኑላት ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታለች። «ሴት ልጅ መቅደስ አትገባ፤ ምን ሊሆንላት ትማራለች?» ነበር ያሉት አባቷ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲሁ እንደ ዝናብና ፀሐይ የታወቀ ነገር አድርገው ነው ያሉት። ማርያማዊት ያን ቀን አላለቀሰችም፤ የፈጨችውን ቢጫ ወስዳ ከእሳቸው ፊት አስቀመጠችና ወጣች። እሳቸውም ከግድግዳው ዓይናቸውን ሳያነሱ «ተባረኪ» አሏት።

ሐሙስ ማታ ስጦታው ከሞጣ ደወለ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሲሚንቶ መወደድ፣ ስለ መንገዱ መከፈትና መዘጋት አውርቶ አውርቶ ሲያበቃ፣ «አባባ ሥዕል መጀመርሽን ሰምተው፣ ‹ታምጣውና ልየው› ብለዋል» አላት፤ እንደ ቀላል ነገር።  «ልየው!» እናቷ ሞተው፣ አባቷ አርጅተው ወደ ስጦታው ቤት ገብተው፣ እሷም ከአርባ ዓመት አልፋ፣ ይህችን ቃል ስትጠብቅ እንደኖረች ያወቀችው ያኔ ነው። ጸደንያ ግን ሰምታ አልወደደችውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይድረቅና ሂጂ» አለቻት። ሥዕሉ ማክሰኞ ቢቸና ላይ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ተመርጧል፤ የማርያማዊት የመጀመሪያዋ ነው። ጸደንያ ከሥዕሉ ሁሉ የወደደችው ደግሞ ማሳው ዳር ዱላውን ተደግፎ የቆመውን፣ ነጭ ጋቢ የለበሰውን ሽማግሌ ነው። ፊቱ በጎን ነው የሚታየው፤ አፍንጫው፣ የጺሙ ጫፍ፣ ወደ ተራራው የተሰነቀረ አንድ ዓይኑ። ማርያማዊት የአባቷን ማሳና ከጎኑ ያለውን የገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ስጦታው በላከላት ፎቶ ነው የሣለችው፤ ሽማግሌውን ግን ምንም ሳታይ፣ በአንድ ማታ፣ እጇ እንዳመጣላት ሠራችው። «ይሄ ፊት ብቻውን ያሸልምሻል፤ እንዳትነኪው፣ እንዳታስነኪው» አለቻት ጸደንያ፣ እጇን ይዛ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ሸራውን አይቶ ጣሪያው ላይ ካልታሰረ አለ። «እርጥብ ነው» ብትለው፣ «ታዲያ ጣሪያ ላይ ይደርቅልሻላ!» ብሎ መኪናውን ሙሉ አሳቀ። በመጨረሻ የአንድ ሰው ሂሳብ ከፈለችለትና ሥዕሉ እንደ ተከበረ ሽማግሌ ወንበር ተሰጥቶት በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ከጎኗ የተቀመጡት ወይዘሮ ፈንታነሽ ደብረ ወርቅ ወራጅ ናቸው። ጉብታው ላይ መኪናው ሲናጥ የነጠላቸው ጫፍ ሸራው ላይ አረፈና ቢጫ ሆኖ ተነሣ። ማርያማዊት የይቅርታዋን ቃል ስትደረድር ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩትና፣ «የኑግ አበባ ነው? ይሁን ይሁን፣ ዘንድሮ የእኔ ማሳ እንዲህ አላበበልኝም» አሉ። ከዚያ ሥዕሉን አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። «ሰውየውስ ማን ናቸው?» «አባቴ ናቸው።» «ምነው ፊታቸውን አዞሩ፣ ተቆጥተው ነው?» «ኧረ አይደለም እማማ፤ አመላቸው ነው» አለች ማርያማዊት፣ ስቃ። ሴትዮዋ ሲወርዱ ሥዕሉንም እሷንም መርቀው ወረዱ።

የስጦታው ቤት ሞጣ ላይ ከመንገድ ዳር ነው፤ ከፊት የሕንፃ መሣሪያ መሸጫው፣ ከኋላ መኖሪያው። የአለቃ ወልደ ኪዳን ልጅ ቀለም በጣሳ ይሸጣል፤ ብሩሹንም በደርዘን። ሳሎኑ በዳንቴል የለበሱ ሶፋዎች፣ ድምፁ የተቀነሰ ቴሌቪዥን፣ በመስኮቱ አጠገብ ደግሞ የአለቃ ወልደ ኪዳን ወንበር አለው፤ ዳዊታቸው ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ መቋሚያቸው ከግድግዳው ላይ። ማርያማዊት ጉልበታቸውን ስማ ስትነሣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ ዓይናቸው ግን አንሶላ ለብሶ ወደ ገባው ሸራ ነበር። አስቻለች፣ የስጦታው ሚስት፣ ምሳ አቀረበች። ስለ ሲሚንቶ ተወራ፤ ስለ ቆርቆሮ ተወራ፤ ስለ አስቻለች ጉልበት ሕመምና ስለ ጠበሉ ተወራ። አለቃም የቢቸናን ዝናብ ጠየቁ፣ የሚያውቋቸውን ቄስ ጤና ጠየቁ። ስለ ሥዕሉ ማንም አላነሣም። ስጦታው ለማርያማዊት ጠላ ቀዳላት፣ አልጠጣችውም። 

ምሳው ሲነሣ አለቃ ወልደ ኪዳን ውኃ አስመጥተው እጃቸውን ዳግመኛ ታጠቡ፤ ሥዕል ሊያዩ ሲሉ ልማዳቸው ነው። መነጽራቸውን አጠለቁ። ማርያማዊት አንሶላውን ገለጠች። ሽማግሌው ከላይ ጀመሩ፤ ሰማዩን ቀስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ጮቄን። «ተራራው ራቀ» አሉ። ማርያማዊት ደስ አላት፤ ያ ተራራ እንዲርቅ ስንት እሑድ እንደለፋች እሷና ጸደንያ ናቸው የሚያውቁት። «ገብርኤልም አለ፤ የጽድ ዛፉም ከነመቃብሩ። ኑጉ አብቧል፤ አቤት!» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ፈገግታቸው በጺማቸው ውስጥ ሲያልፍ ታየ። ከዚያ ወደ ማሳው ዳር ደረሱና ቆሙ። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠርገው እንደገና አጠለቁ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ አባባ።»

አለቃ ወልደ ኪዳን አንሶላውን አነሡና ቀለሙን እንዳይነካው እየተጠነቀቁ፣ እሬሳ እንደሚሸፍን ሰው፣ ሥዕሉን ሸፈኑት። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ስጦታው ነገሩ ወዲያው ገባውና «ወይኔ!» ብሎ ራሱን ይዞ ተከተላቸው። ማርያማዊት ግን ገና አልገባትም ነበር፤ የገባት በመስኮቱ በኩል ድምፃቸው ሲመጣ ነው። «አንድ ዓይን ሰጠችኝ» ይላሉ አባቷ። «በዚህ እጄ ለስንቱ አጋንንት አንድ አንድ ዓይን ስሰጥ ኖሬ፣ በስተርጅና ልጄ ከእነሱ ጋር አሰለፈችኝ። ምን አደረግኋት? እስቲ ምን በደልኋት?»

ማርያማዊት ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ይህን የማያውቅ የሠዓሊ ልጅ አለ እንዴ? ጻድቃንና መላእክት ፊታቸውን ወደ ምእመኑ መልሰው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ጎናቸውን ሰጥተው አንድ ዓይን ብቻ የሚያሳዩት ሰይጣንና አጋንንቱ፣ ጌታን የገረፉት፣ ሰማዕታትን የወጉት ናቸው። በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ክፉውን ከደጉ የምትለየው በዚህ ነበር። ጸደንያ ያየሽውን ሣዪ ስትላት፣ ያየችውን ስትሥል፣ ያንን ሁሉ ረስታው ኖሯል! ሳቅም ልቅሶም መጣባት። አስቻለች ከጎኗ ቁጭ ብላ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረገቻት። «አይዞሽ እቴ፣ ሽማግሌ ሆድ ይብሰዋል። ሂጂና እግራቸው ላይ ውደቂ፤ አላወቅሁም በያቸው፣ ያበቃል» አለቻት። ማርያማዊትም እውነትም እግራቸው ላይ ልትወድቅ ተነሥታ ወጣች።

ጓሮው ውስጥ አለቃ ወልደ ኪዳን በተገለበጠ የቀለም በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። በጎን! ያው አፍንጫ፣ ያው የጺም ጫፍ፣ ያው ወደ ሩቅ የተሰነቀረ አንድ ዓይን። ማርያማዊት ይህን ስታይ የያዘችው ይቅርታ ከእጇ አመለጠ።

«አባባ፣ ይቅርታ ልልዎት ነበር የመጣሁት» አለች።  «እኔ ግን የማውቅዎት እንዲህ ነው። ግድግዳ ሲሠሩ ከጎንዎ ቆሜ ቀለም እፈጫለሁ፤ ዓይንዎ ግድግዳው ላይ ነው። ማሳ ምሳ ይዤልዎት ስመጣ፣ በሬዎቹን እያዩ ይበላሉ። ተባረኪ ሲሉኝ እንኳ ወደ እኔ አይዞሩም። ፎቶ አይቼ አይደለም የሣልኩዎት፤ ከልቤ አውጥቼ ነው፤ ልቤ ውስጥ ያለው ደግሞ ይሄ ፊት ነው። ያላየሁትን ዓይን ከየት አምጥቼ ልሣል?»

«አንቺ ልጅ!» አለ ስጦታው፣ ደንግጦ። ከሱቁ በኩል አንድ ደንበኛ «ባለ ሱቅ! ምስማር አለ?» ብሎ ተጣራ፤ የመለሰለት የለም። እንደገና ተጣራ። አለቃ ወልደ ኪዳን መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ፣ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ሄደ።

«ደርቋል?» አሉ በመጨረሻ፣ አጥሩን እያዩ።

«ምኑ አባባ?»

«ሥዕሉ ነዋ።»

«አልደረቀም። ቀለሙን በኑግ ዘይት ለውሼው ነው፣ እንቢ አለ።»

«በምን?» አሉና ዞሩ። «በኑግ ዘይት?» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ማርያማዊት አለቀሱ ብላ ክው አለች፤ እየሳቁ ኖሯል። «እኔም አንድ ጊዜ ሙጫ ባጣ በማር ለወስኩ። ሚካኤልንና ገብርኤልን በነጋታው ንብ ወረራቸው! ካህናቱ ተአምር ነው ብለው ደወል ሊደውሉ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው» አሉ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። ስጦታው ይህን ታሪክ ሰምቶ አያውቅም፤ ማርያማዊትም አታውቅም። ሦስቱም ሲስቁ አስቻለች ምን ጉድ ነው ብላ ብቅ አለች።

ሳሎን ተመልሰው አንሶላው ተገፈፈ። «ካልደረቀማ ይታረማል» አሉ አለቃ፤ ስጦታው ከሱቁ ቀለም ማስለቀቂያ አኳራጅና ንጹሕ ጨርቅ ይዞ መጣ። ማርያማዊት መንገድ ላይ ቢነካካ ለማስተካከያ ብላ የያዘቻቸውን ጥቂት ቀለሞችና አንዲት ቀጭን ብሩሽ ከቦርሳዋ አወጣች። አባቷ ብሩሿን ተቀበሏትና ጠጉሯን በአውራ ጣታቸው አሹ፤ «ለስላሳ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ ሸራው ዘረጓት። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። በግራ እጃቸው ደግፈው ያዙት፣ ያም ተንቀጠቀጠ። ብሩሿ ከተሣለው ሽማግሌ ፊት አንድ ጣት ሲቀራት በአየር ላይ ቆማ እንደ ቅጠል ተርገበገበች። ሁሉም ያንን እጅ ሲያዩ ቆዩ። አለቃም ራሳቸው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ፣ ቁልቁል ተመለከቱት።

«እንካ» ይሉኛል ብሎ ስጦታው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሳቸው ግን የማርያማዊትን መዳፍ ይዘው ዘረጉና ብሩሿን አኖሩባት፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፉላት።

«ያኔ ለዚህ የሰጠሁት ያንቺን ነበር» አሉ፣ ወደ ስጦታው በአገጫቸው እየጠቆሙ። «አላስተዋልኩም። አጠፋሁ ልጄ።»

«እኔ ያኔውኑ ነግሬዎት ነበር!» አለ ስጦታው፤ አስቻለች በክርኗ ጎሸመችው።

አለቃ ወልደ ኪዳን ወንበራቸውን ከመስኮቱ አዙረው የቀትር በኋላው ብርሃን ፊታቸው ላይ በሚያርፍበት በኩል ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን በቀጥታ ተመለከቷት። ማርያማዊት ጨርቁን በአኳራጅ ነክራ ወደ ሸራው ዞረች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ ጸደንያ ናት፤ በዚህ ሰዓት ከእሷ ሌላ አይደውልም። እንዳትነኪው፣ እንዳታስነኪው። ማክሰኞ እሩቅ አይደለም። ጸደንያ የወደደችው፣ የሚያሸልመው ፊት ያ ነው፤ ማርያማዊትም ራሷ ደግማ እንደዚያ የምትሥል አይመስላትም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ ጨርቁን አሳረፈችና ጠረገችው። አፍንጫው ሄደ፣ ጺሙ ሄደ፣ ያ አንድ ዓይን ሄደ። የኑግ ዘይት ነውና ምንም አላስቸገረም።

ብሩሿን ቀለም አስነክታ ወደ አባቷ ስትዞር ግን ምንም አልታያት አለ፤ እንባዋ ሸፈናት። አንድ ጊዜ ጠረገችው፣ ተመልሶ መጣ። ፊታቸውን እንዲህ ሙሉውን፣ እንዲህ ለረጅም ጊዜ አይታው አታውቅም። ግራ ዓይናቸው ከቀኙ ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ይህን እንኳ አታውቅም ነበር።

«በይ ዓይንሽን ጥረጊና ሥራሽን ሥሪ፤ ፀሐይዋ አትጠብቅሽም» አሉ አለቃ ወልደ ኪዳን። «ደሞ ልትክሺኝ ብለሽ ጻድቅ እንዳታደርጊኝ» አሉ። «ሰው አድርጊኝ፤ ይበቃኛል።»

ማርያማዊት በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። ከጠበበው ዓይን ጀመረች።